ኤንትሬ በኪሎ አይሸጥ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፡- ቆመው የቀሩ አሮጌ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት እንዲታዩ፣ እንዲመዘገቡና የተመረጡት እንዲጠበቁ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በየመጋዘኑ ጀርባ፣ በየጋራዡና በየግለሰቡ ግቢ ሣር የዋጣቸው መኪናዎች አሉ። አብዛኞቹ ብረት ብቻ ናቸውና ቢሸጡ ቅር አይለንም። ነገር ግን ፊያት 682 ኤንትሬ የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና፣ ወይም ከዚያ የቀደመው ትሬንታ ኳትሮ፣ ሌላው ቀርቶ ስብርባሪው እንኳ ሲገኝ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል። የብረት ነጋዴ ቸኩሎ የሚቆርጠው ሻንሲውን (መኪናው የተሠራበትን የብረት አጥንት) ነው፤ ከባዱና ዋጋ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ። የመኪናው መለያ ቁጥር የተመታውም እዚያው ሻንሲ ላይ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ጋቢናው ቢተርፍ እንኳ የማን ጋቢና እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ነገር አይኖርም።

ይህ ጥያቄ ከጎንደር የሚነሳበት ምክንያት አለው። የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ከኤርትራ በተነሳ የካሚዮን ሰልፍ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ የጣሊያን የአስተዳደር ማዕከል ሆና ቆየች፤ የፒያሳ ሕንፃዎችም የሊማሊሞ መንገድም የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የመንገዱን ሥራ ያመላለሰው፣ ስንቁንም ጥይቱንም የጎተተው በዋናነት የናፍታ ካሚዮን ነበር። ፊያት 634 እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 የተሠራ፣ 8.3 ሊትር ገደማ ሞተር ያለው፣ ጉልበቱ 80 ፈረስ ገደማ የሆነ መኪና ነው። ሠላሳ አራት የሚለውን የጣሊያንኛ ቁጥር ይዘን ነው ትሬንታ ኳትሮ ያልነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፖርቶመጋላ እያልን የምንጠራው ሁሉ አብሮ የገባ ነው። ሕንፃውን በቅርስነት እናስጎበኛለን፤ ቃሉን በየቀኑ እንናገራለን፤ መኪናውን ግን በኪሎ እንሸጣለን።

ኤንትሬ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ማምረት ተጀምሮ እስከ 1988 ዘለቀ፤ ለአንድ የጭነት መኪና ሞዴል ይህ በጣም ረጅም ዕድሜ ነው። ኤን 3 የሚለው የሞዴሉ ስም በጣሊያንኛ ሲጠራ ነው ኤንትሬ የሆነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር ተኩል ትንሽ የሚበልጥ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ነው። በግንባሩ ላይ ያለው ጌጥ ጢም ስለሚመስል ጣሊያኖቹ «ባፎ»፣ ባለ ጢሙ፣ ይሉታል። በሻንሲው ላይ ካሶኒ (የጭነት ሳጥን) ከተጫነ የጭነት መኪና፣ የእንጨት አጥንትና ላሜራ ከተገጠመ ደግሞ የሕዝብ ማመላለሻ ይሆናል።

የብዙዎቹ መሪ በቀኝ በኩል ነው። ይህ በስህተት የመጣ አይደለም። ጣሊያኖች ለተራራ መንገድ ሲሠሩ አሽከርካሪው የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ አስበው ነው ያደረጉት። አገራችን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመኪና ጉዞን ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ስታዞር የቀኝ መሪው ሊማሊሞ ላይ ይበልጥ ጠቃሚ ሆነ፤ ለመቅደም ግን ረዳቱ አንገቱን በግራ መስኮት አውጥቶ «ሂድ» ማለት ነበረበት። ስለዚህ ለዕይታ እንዲያምር ተብሎ መሪው ወደ ግራ የሚዛወር ከሆነ ታሪኩ ተሰረዘ ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ማንም «እናስተካክለው» ቢላችሁ እምቢ በሉ።

አሮጌ አውቶቡስን መጠበቅ ቅንጦት ለሚመስለው ሰው የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ እናንሳ። ራውትማስተር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1968 ባለው ጊዜ 2,876 ተሠርቶ፣ ከመደበኛ አገልግሎት የወጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2005 ነው። ዛሬም በየሙዚየሙና በየወዳጆቹ እጅ ብዙ አለ። ከዚያ የምንማረው ግን ቀይ ቀለሙን አይደለም፤ መዝገቡን ነው። ለትልቅ ጥገና ሲገባ አካሉ ከታች ክፍሉ ተነስቶ ይለያል፤ ሲወጣ የሌላ አካል ተጭኖበት፣ ቁጥሩ ግን የራሱ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የትኛው ክፍል ከየት እንደመጣ በመዝገብ ባይያዝ ኖሮ ዛሬ ማንም ይህ የትኛው ነው ብሎ መናገር አይችልም ነበር። (ባለ ሁለት ፎቁን ራሱን ለጉብኝት ጎንደር እናምጣ ለሚል ሰው ደግሞ፦ ቁመቱ 4.38 ሜትር ነው። መጀመሪያ የከተማችንን የመብራትና የስልክ ሽቦዎች ከፍታ በሜትር ይለካ።)

የእኛም ኤንትሬ እንደዚያው ነው፤ ያውም ያለ መዝገብ። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሌላው፣ ጋቢናው ከሦስተኛው የመጣ መኪና ብዙ ነው። ስለዚህ ታርጋና ሊብሬ ብቻ አይበቁም። ምዝገባው ሲደረግ የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥርና በጋቢናው ውስጥ ያለው የፋብሪካ ሰሌዳ ለየብቻ ይጻፉ። የሻንሲው ቁጥር በዝገት ከተሸፈነ በመፍጫ ማሽን አይፈተግ፤ ማሽኑ ዝገቱንም ቁጥሩንም አብሮ ይበላል። በናፍታ ተነክሮ ያደረ ጨርቅ ይጣበቅበት፣ በማግስቱ በናስ ብሩሽ ይታሽ፣ ከዚያ ስስ ወረቀት ተለጥፎ በእርሳስ ይታሽበት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፎቶ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከሥር፣ ከውስጥ ይነሳ። በሩ ላይ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የመስመር ስም፣ የመድኃኔዓለም ወይም የጊዮርጊስ ሥዕል፣ የረዳቱ የኖራ ጽሑፍ ሳይቀር ከመታጠቡ በፊት ይነሳ።

የመጀመሪያው ቀለም የሚገኘው እንዲህ ነው። ፀሐይ ያልነካው ቦታ ይመረጥ፤ የበሩ ውስጥ ጠርዝ ወይም ከወንበር እግር ሥር። 5 ሴንቲሜትር በ5 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ በውሃ እየራሰ በቁጥር 400፣ ቀጥሎ በ800 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይታሽ። እንደ ዛፍ ቀለበት የቀለሙ ድርብርብ ይታያል፤ ከታች ላሜራውን የነካ ማጣበቂያ ቀለም (ፕራይመር) ካለ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ነው። በደረቁ መፈተግ ክልክል ነው፣ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላልና አቧራው ይመርዛል።

አሁን ወደሚያስፈራን ጉዳይ እንምጣ። አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ለዓመታት የቆመ ሞተር በጉተታ ሊነሳ ይችላል። ይህ ሞተሩን ለመግደል አጭሩ መንገድ ነው። በጭስ ማውጫው የገባ የክረምት ዝናብ በተከፈተ ቫልቭ አልፎ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከካሚሻው (ከሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ) ጋር በዝገት ይያያዛል። በዚህ ላይ መኪናው ተጎትቶ ማርሽ ሲገባለት ፋሻው ይሰበራል፣ ሲብስም ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ይጣመማል። ትክክለኛው አካሄድ ስድስቱን ኖዝል (ናፍታ መርጫ) ማውጣት፣ በየቀዳዳው አንድ ግማሽ ስኒ ያህል ናፍታና ስስ ዘይት እኩል ተቀላቅሎ መጨመር፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት መተው፣ ከዚያ በክራንኩ ቡሎን ላይ ረጅም ክንድ ያለው መፍቻ አግብቶ በእጅ ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ ነው። ሩብ ዙር ከሄደ ተስፋ አለው። ጨርሶ እምቢ ካለ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ይወርዳል እንጂ ክንዱ አይረዝምም።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ ይውጣ። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ቡሎን ሲላላ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ከሆነ (ውሃ ከዘይት በታች ይተኛል) የካሚሻው ጎማ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አልቆ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ናፍታም እንደ ማር ይወፍርና የናፍታ ፓምፑን ውስጣዊ ዘንግ ያጣብቃል። ዘንጉ ሙሉ በሚሰጥበት ቦታ ከተጣበቀ ሞተሩ በተነሳ በሰከንዶች ውስጥ ፍጥነቱን መግታት አይቻልም፤ ቁልፍ ማጥፋት አይረዳም፣ ቁልፉ ናፍታውን አያቋርጥምና። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው የአየር መግቢያውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ መቆም አለበት። ጨርቅ አይሆንም፣ ሞተሩ ይውጠዋል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ፓምፑ ለምጽዋ ተስተካክሎ ከሆነ ጎንደር ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ብልሽት ሳይሆን የናፍታ መብዛት ነው፣ መቀነስ ብቻ ይበቃዋል። ውሃም እዚህ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መቶ ዲግሪ እስኪሞላ አላፈላም ብሎ የሚጠብቅ አሽከርካሪ ቴስታታ ያቃጥላል።

ከሞተሩ ይልቅ ሰው የሚገድሉት ግን ፍሬኑና ቸርኬው ናቸው። የአየር ማጠራቀሚያው ጋን ከውስጥ ስለሚዝግ የሚፈተነው በውሃ ግፊት ነው፤ በአየር ተሞልቶ ቢፈነዳ ቦምብ ነው፣ በውሃ ቢሰነጠቅ ግን ፈሰሰ ብቻ። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያለው ጎማ ቡሎኑ ከመነካቱ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ሲሞላም በብረት ጎጆ ውስጥ ሆኖ ይሞላ። ቀለበቱ ከተፈናጠረ ጎሚስታውን አይምርም። ታምቡሩ ሲከፈት በአየር አይነፋ፤ የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በውሃ ይረጠብ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣል።

አውቶቡሶቹን የሚያበሰብሳቸው ደግሞ ፖርቶመጋላው ነው። ሻንጣና ፍየል የተጫነበት ጣሪያ ቡሎኖቹ በተገቡበት ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፤ ውሃው በላሜራው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ የእንጨቱን አጥንት ከእግሩ ያበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ከውጭ ስቱኮና ቀለም ተቀብቶ ያማረ አውቶቡስ በጣት ሲገፋ ጣት የሚገባበት ለዚህ ነው። የተበላ እንጨት ሲቀየር የድሮው ተጥሎ በግምት አይቆረጥ፤ ከተቆረጠው ጎን ተለክቶ ይሠራና አሮጌው ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጥ።

ጥያቄያችን አራት ነው። የመንግሥት ንብረት የሚያስወግዱ ክፍሎች በዝርዝራቸው ውስጥ ከ1970 ዓ.ም. በፊት የገባ ከባድ መኪና ወይም አውቶቡስ ሲኖር ከጨረታው በፊት ለመምሪያው እንዲያሳውቁ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት፣ ታሪክንና ሳይንስን የሚመሰክር ብሎ ይተረጉመዋልና መምሪያው መነሻ አያጣም። ከተገኙት ውስጥ ሦስት ይመረጡ፤ አንድ ጭነት፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ደግሞ መለዋወጫ የሚወጣበት። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱም አይዘልቁም፤ የኤንትሬ ዕቃ ከሱቅ አይገዛም። ለሁለቱ መቆሚያ የሚሆን 14 ሜትር በ12 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ኮንክሪት የሆነ መጠለያ ይሠራ። ቦታው የፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ አይሁን። ጎብኚ በእግሩ የሚደርስበት ቢሆን ይበቃል፤ የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥብ ነገር ከዓለም ቅርስ ድንጋይ ይራቅ። መኪናዎቹ በጎማቸው ላይ አይተዉ፤ ከአክሱ (ከጎማዎቹ ዘንግ) ሥር አራት የብረት መቆሚያ ገብቶ ባሌስትራውም ጎማውም ይረፍ።

የሙያውን ሥራ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ የቶርኖና የብየዳ ቤቱን ወጪ ግን መምሪያው ይሸፍን። ይህም ቢዘገይ፣ ቢያንስ ክረምቱ ሳይገባ የእያንዳንዱ ቆሞ የቀረ ከባድ መኪና የጭስ ማውጫ አፍ በባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይደፈን፣ ጣሳውም በሽቦ ይታሰር።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር የከባድ መኪና መካኒኮች፣ የላሜራና የብየዳ ሠራተኞች፣ ጡረታ የወጡ አሽከርካሪዎች

ግልባጭ፡-
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር የትራንስፖርት ሥራ ለሚመራው ክፍል