የበርሊኑን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሙዚየም ስለ መጎብኘት

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ የቆዩ ቪዲዮ ጌሞች ወዳጆች፤

ለትምህርትም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጀርመን የምትሄዱ አባሎቻችን በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውንና ዛሬ በርሊን ውስጥ በካርል ማርክስ ጎዳና የሚገኘውን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ሙዚየም ሳትጎበኙ እንዳትመለሱ አደራ እንላለን። በተለይ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ፋብሪካ በ1980ዎቹ የሠራውን፣ ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራውን ፖሊ ፕሌይ የተባለ የጌም ማሽን ልብ ብላችሁ እዩት፤ በውስጡ ካሉት ጨዋታዎች አንዱ የሆነው «ጥንቸልና ተኩላ» አሠራሩ በ1980 ጃፓን ውስጥ ከወጣው ፓክማን ከተባለው ጌም ጋር በጣም ይመሳሰላል።

የአሜሪካው ጌም ሠሪ ኩባንያ አታሪ በ1972 ያወጣው፣ በስክሪን ላይ ኳስ ወዲያና ወዲህ የሚመታበት ፖንግ የተባለው ጌም ፕሮሰሰርም ሆነ ሶፍትዌር አልነበረውም፤ ኳሷን የሚያንቀሳቅሱት በቦርዱ ላይ የተበየዱት ሰርኪዩቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጨዋታ እንደ ፋይል ቀድቶ ማስቀመጥ ስለማይቻል ዕቃው ራሱ በክብር መያዝ አለበት፤ የዚህ ዓይነት ሙዚየም አስፈላጊነትም በእኛ እምነት ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ ጌም ቤት የነበራችሁ ወይም ያላችሁ አባላትም አሮጌ ጆይስቲክ፣ የጌም ካሴትና የተበላሸ ማጫወቻ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ዕቃዎቹን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ በምናደርገው ስብሰባ ላይ ልታስረክቡን ትችላላችሁ።

የማኅበሩ አስተባባሪዎች