ለሮጣችሁልን ሁሉ

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ልጃችንም ደህና ናት። ጡት በደንብ ትጠባለች፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጎረቤቱን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ደውላችሁ ላላነሳሁላችሁ፣ ጽፋችሁ መልስ ላላገኛችሁ ሁሉ ከምስጋናው በፊት ይህን ልንገራችሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን።

«ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ እናመሰግናለን» ብዬ በአንድ መስመር ላልፈው አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ማን ምን እንዳደረገ ካልተናገርኩ ውለታው ይከብደኛል። ስም አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ «ምን አደረግንና ነው?» ብላችሁኛል። ስታነቡት ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ሌሊት ምጥ ሲመጣባት የደወልኩት ለሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። ወዲያው አነሳ። ደጃችን ሲደርስ ጃኬቱን በሌሊት ልብሱ ላይ ደርቦ ነበር። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን» እያለ ወሰደን። አድርሶን ይመለሳል ብዬ ነበር። አልተመለሰም። ግቢው በር ላይ ባጃጁን አቁሞ ውስጧ ተኛ።

ባለቤቴ የወለደችው በሰላም ነው። ሊነጋጋ ሲል የሕፃኗን ለቅሶ ከበር ውጭ ሆኜ ሰማሁ። አዋላጇ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትላትም ሰማሁ። ደስታዬን ሳልጨርስ የውስጡ ድምፅ ተቀየረ። ኮቴ በዛ። አንዷ ነርስ እየሮጠች ወጣች፣ እየሮጠች ተመለሰች። ደሙ አልቆም ብሏል።

ሐኪሙ ነገሩን ያስረዳኝ ኋላ ላይ ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ ማሕፀን ጠበቅ ብሎ መኮማተር አለበት። ካልተኮማተረ፣ የእንግዴ ልጁ ተጣብቆበት ከነበረው ቦታ ደም ይፈስሳል። በዓለም ላይ ብዙ እናቶችን የሚቀጥፈው ይኸው ነው። በዚያች ሰዓት ግን ከነገሩኝ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። ደም።

በሩ ገርበብ ሲል ያየሁትን አልረሳውም። አዋላጇ ባለቤቴ ሆድ ላይ ተደፍታ በሁለት እጇ ማሕፀኗን ታሻለች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ ለመጥረግ እንኳ እጇን አላነሳችም። ሌላዋ መርፌ ትወጋለች፣ ሌላዋ ጉሉኮስ ትሰቅላለች። በኋላ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እስከምትገባ ድረስ ያቺ አዋላጅ እጇን ከላይዋ አልለየችም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ወልደሽ ሳሚ።

የባለቤቴ የደም ዓይነት ኦ ኔጌቲቭ ነው። ኦ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ለሌላው ሁሉ መስጠት ይችላል፤ መቀበል የሚችለው ግን ከኦ ኔጌቲቭ ብቻ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ኔጌቲቭ ደም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የተገኘው አልበቃ አለ። ከደም ባንክ ይምጣ ተባለ። የላብራቶሪ ባለሙያው የደም ማመላለሻ ሣጥኑን ይዞ ወጣ። መኪናው የለም፣ ሌላ ሥራ ሄዷል። ይሄኔ ነው ያ ባጃጅ ነጂ ብድግ ያለው። ባለሙያውን ከነሣጥኑ ጭኖ በረረ። ደሙን ይዘው ሲመለሱ ነፍሴ መለስ አለች። ሂሳብ ስንት ነው ብለው «ክርስትናው ላይ እበላዋለሁ» አለኝ።

የግቢው ጥበቃ አባት፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ስወጣ ስገባ መጀመሪያ መታወቂያ ጠየቁኝ፤ ሥራዎ ነው። ነገሩ ከገባዎት በኋላ ግን ከሩቅ ሲያዩኝ በሩን ከፍተው እንዳይዘጋብኝ በድንጋይ ያስደግፉልኝ ነበር። አንድም ቀን ቆሜ አልጠበቅኩም።

እኔ ሥራዬ መስተንግዶ ነው። ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ፣ ከወጥ ቤት እስከ ውሃው ጠርዝ ሳህን ይዤ ስመላለስ ነው የምውለው። በዓልና እሁድ ሲሆን መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። እግሬ ሩጫ ያውቃል። ያን ዕለት ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ስልኬን አውጥቼ ለቡድናችን አምበል ስደውል ምን እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም።

እሁድ ጠዋት ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ጨዋታውን አቋርጠው እንዳሉ መጡ። ግማሾቹ ታኬታቸውን አላወለቁም፣ ማሊያቸው ጭቃ ነው። ደም ባንክ ሲገቡ እዚያ ያለችው እህት ወዲያው አላስተኛቻቸውም። «ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ መጀመሪያ ትንፋሻችሁ ይመለስ» አለቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ መዘነቻቸው፣ ግፊታቸውን ለካች። ደም ለመስጠት ዕድሜ ከ18 ዓመት፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ማነስ የለበትም። የቀኝ መስመር ተመላላሻችን ሲያዩት ቀጭን ነው፤ ኪሎው ሞላ ሲባል ጎል ያገባ ያህል ጮኸ። ተቀያሪ ግብ ጠባቂያችን ግን ዕድሜው አልደረሰም። ፊቱ ወደቀ።

ከእነሱ መካከል ኦ ኔጌቲቭ አልተገኘም። ልጆቹ ያን ሲሰሙ ይበተናሉ ብዬ ነበር። አምበሉ «የመጣነው ልንሰጥ ነው፣ ለማንም ይሁን» አለ። ሁሉም ሰጡ። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ተመርምሮ ነው ለሕመምተኛ የሚወጣው። ስለዚህ የእናንተ ደም ለማን እንደደረሰ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። እግራችሁን እንቅፋት አይምታው።

ኦ ኔጌቲቩን ያገኘነው ከቴሌግራም ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የለጠፈችውን አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ አየው። የደም ለጋሽ ካርዱን ይዞ መጣ። ከሰጠ 3 ወር አልፎታል፣ በማግስቱ ደግሞ ፈተና አለበት። ደብተሩን ይዞ ነበር፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ እንኳ በአንድ እጁ ያነብ ነበር። ደሙ ተመርምሮ ማታውን ለባለቤቴ ደረሰ። ወንድሜ፣ ስደውልልህ «ፈተናው ቀሎኛል» ያልከኝ ለእኔ ብለህ ካልሆነ ደስ ይለኛል። ውለታህ ከአንገቴ አይወርድም።

አሁን ስለ ሌላዋ እናት ልናገር።

ከባለቤቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ የተኛችው ከገጠር በሪፈር የመጣች ናት። አምቡላንሱ አድርሷት ተመልሷል። አስታማሚዋ ታናሽ እህቷ ብቻ ናት። ገና ልጅ ናት፣ ከተማውንም አታውቀውም። የላብራቶሪ ወረቀት ሰጥተዋታል፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታገላብጠዋለች። «አያ፣ ይሄ ወዴት ነው የሚኬድበት?» አለችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

ወረቀቱን የተቀበላት ደም መስጠት ያልተፈቀደለት ያ ግብ ጠባቂያችን ነው። ከዚያ በኋላ የሁለቱንም ቤት ጉዳይ አንድ ላይ ያዘ። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ እንደገና ላብራቶሪ። የእኛን ወረቀት በቀኝ ኪሱ፣ የእነሱን በግራ ኪሱ ይከት ነበር፣ እንዳይቀያየርበት። በየመሀሉ ለልጅቷ «ይሄኛው አልቋል፣ ይሄኛው ቀርቷል» እያለ ያሳያት ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ መንገዱን አውቃ ሌላ አዲስ የመጣ ሰው ስታሳይ አየኋት። እህቷ ድና ልጇን ታቅፋ ወደ አገሯ ተመልሳለች።

እዚህ ላይ ምስጋና ብቻ ብጽፍ ልቤ አይቀበለኝም። የእኔ ባለቤት የሚሮጥላት ሰው ሞልቷታል። ጎረቤት አላት፣ ቡድን አላት፣ የባሏ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ሰው የሌላትስ? ደም የምትፈስ እናት ሕይወቷ በአስታማሚዎቿ ቁጥር መወሰን የለበትም። ናሙናና ወረቀት የሚያመላልስ፣ ደም ከባንክ የሚያመጣ፣ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ ሰው ሌት ተቀን ማዋለጃ ክፍል መኖር አለበት። ባለሙያዎቹ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን የምለው በእነሱ አይደለም። የሚመለከታችሁ ሁሉ ግን ይህን ነገር አስቡበት። እባካችሁ።

ደሙ ቆሞ፣ ባለቤቴ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ካየች በኋላ ሩጫው አበቃ ብዬ ነበር። ገና ነበር። የልጃችን ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። እናት ኔጌቲቭ፣ ልጅ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ልጁ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ እናትየው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ መወጋት አለባት። አለበለዚያ ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ሊያመርትና የሚቀጥለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ወሊድ በመንግሥት ሆስፒታል በነፃ ነው፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ግን ከውጭ ፈልጎ ማምጣት የአስታማሚ ዕዳ ነው። አንቲ ዲ ደግሞ በየሱቁ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሆስፒታሉ አጠገብ ያለሽው ፋርማሲስት፣ አንቺ መድኃኒቱ አልነበረሽም። «የለም» ብለሽ ልትሸኚኝ ትችዪ ነበር። በራስሽ ስልክ፣ በራስሽ ካርድ የምታውቂያቸውን ሁሉ ደወልሽ። አንዱ ቦታ አለ ብለውን ስንደርስ ትናንት አልቋል ተባልን፤ አንቺ ግን አልተውሽም። በመጨረሻ አባይ ማዶ ተገኘ። ከዚያ ሌላ ጭንቅ መጣ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ በረዶ ሆኖ ከደረቀም አይሆንም።

አይስ ቦክሱን የሰጡን አሣ የሚሸጡት እትዬ ናቸው። ቀረሶና አምባዛቸውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው፣ ሣጥኑን በሳሙና አጥበው፣ በረዶ ሞልተው ለጎረቤታችን ልጅ አስያዙት። ፋርማሲስቷ እንደነገረችን በረዶው ላይ ወፍራም ፎጣ አነጠፉ፣ መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ። ልጁ ሣጥኑን ብስክሌቱ ላይ በገመድ አስሮ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻገረ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሲሄድ በፍጥነት፣ ሲመለስ ሣጥኑ እንዳይንገጫገጭ ቀስ ብሎ ነዳው። መርፌው ሰዓቱ ሳያልፍ ተወጋ።

አማቴ ያሉት ዘጌ ነው። ወሬው የደረሳቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ጣናን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ሞገዱም አይመችም። መደበኛዋ ጀልባ ጠዋት ሄዳለች። ጀልባ ነጂው እንባቸውን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። ዳር ዳሩን ይዞ በሰላም አደረሳቸው። ልጃቸውን እስኪያዩ ጠብቆ፣ መዳኗን ለዘጌ ቤተሰብ ለመንገር በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ። ወንድሜ፣ ውሃው ይታዘዝልህ።

የሰፈራችን እናቶች፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ፣ ገንፎውን በሳህን ሸፍናችሁ ከቤት ሆስፒታል ስትመላለሱ ሰነበታችሁ። ልብሱን አጥባችሁ፣ ቤቱን አሙቃችሁ ጠበቃችሁን። የሥራ ባልደረቦቼ፣ የእኔን ጠረጴዛዎች ተከፋፍላችሁ ሠርታችሁ፣ ያገኛችሁትን ጉርሻ ሳይቀር በፖስታ አድርጋችሁ ላካችሁልኝ። አለቃችንም ደመወዜን ሳልጠይቅ አስቀድሞ ሰጠኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ እህታችን፣ ያን ሁሉ ደም ደጋግመሽ ስትጠርጊ ፊትሽን አላጠቆርሽም፤ ለባለቤቴም ነጠላሽን አልብሰሻታል። ታጥቦ ተተኩሶ ተቀምጦልሻል፣ ራሴ አመጣልሻለሁ።

ልጃችን በ80 ቀኗ ጊዮርጊስ ክርስትና ትነሳለች። የዚያን ቀን የቡድናችን ጨዋታ ወደ ከሰዓት ይዞራል፣ አምበሉ ተስማምቷል። ሁላችሁም ተጠርታችኋል፤ ይህችን መልእክት እንደ ጥሪ ወረቀት ቁጠሯት። ስጦታ አታምጡ። የፖሊው ተማሪ፣ አንተ እንዳትቀር።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ወልዳችሁ ለመሳም ያብቃችሁ፣ የወለዳችሁትንም ያሳድግላችሁ።

የሕፃኗ አባትና እናት
ባሕር ዳር