«አሜሪካኖች አቋቋሙት» የተባለው ሐረማያ፣ ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ስለ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ጀምሬ ቅር ብሎኝ ጨረስኩ። «ኮሌጁን አሜሪካኖች አቋቋሙት» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። የትኞቹ አሜሪካኖች? ከየት የመጡ? ምን አይተው የመጡ? እኔ የምኖረው እነዚያ ሰዎች በመጡበት በኦክላሆማ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እዚህ ያለው ሐበሻ ራሱ ይህን ታሪክ ብዙም አያውቀውም፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

አባቴ ነፍሱን ይማርና የሐረማያ ምሩቅ ነበር። አሜሪካኖች ብሎ አያውቅም፣ «ኦክላሆማዎቹ» ነበር የሚላቸው። አንዱ መምህራቸው በመጀመሪያው ቀን ክፍል አላስገባቸውም። ማሳ ይዟቸው ወጣ፣ ተንበረከከ፣ አፈሩን በእጁ ዘገነ፣ አሸው፣ አሸተተው፣ ከዚያ «አሁን እናንተ» አላቸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የመጣው ተማሪ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የተማረ ሰው እጁ አፈር አይነካም ተብሎ ለተነገረው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ሲያወራ እጁን እንደዚያ እያሸ ነበር የሚያወራው።

ዋናው ሰው ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት ይባላል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አርካንሶ ተወልዶ ኦክላሆማ ውስጥ መምህር ሆነ። ከ1928 ጀምሮ ደግሞ ስቲልዋተር ከተማ ያለው የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ማለት ነው። ሰውየውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ መሬቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ አገር ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። ድሮ ሁሉም ሣር ነበር። የሣሩ ሥር ጥልቅ ስለሆነ አፈሩን እንደ ስፌት አጥብቆ ይዞት ኖሯል። ሚያዝያ 22 ቀን 1889 እኩለ ቀን ላይ ምልክት ተሰጠና ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው በፈረስና በጋሪ እየጋለበ መሬት ለመያዝ ተሯሯጠ። መሬቱ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ነበር፣ ይህን መዝለል አይገባም። ከዚያ ሣሩ ታረሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ በትራክተር ገለባበጡት። በ1930ዎቹ ዝናቡ ቀረ፣ አፈሩን የሚይዘው ሥር የለም፣ ንፋሱ ተነሳ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 «ጥቁሩ እሑድ» የሚሉት ቀን ነው፤ አቧራው እንደ ተራራ መጥቶ ቀኑን አጨለመው። ስንቱ ገበሬ ማሳውን ጥሎ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ቤኔት ያን ጊዜ የገበሬ ልጆች የሚማሩበት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር። እንግዲህ አፈር ሲሄድ ሕዝብ አብሮ እንደሚሄድ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

ይህ ሰው በ1950 ኢትዮጵያ መጥቶ ጃንሆይን አነጋገረ። የሐሳቡ መሠረት እዚያ ተጣለ፦ የሚያስተምር፣ የሚመራመር፣ የተገኘውን ዕውቀት ደግሞ ገበሬው ደጃፍ ድረስ የሚያደርስ ኮሌጅ፣ ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር። ዛሬ ኤክስቴንሽን የምንለው ነገር አንዱ ምንጩ እዚህ ጋ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር፣ ማለትም የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም፣ የመጀመሪያ ኃላፊ አድርጎ ሾመው። አባቶቻችን ፖይንት ፎርን በስሙ ያውቁታል፣ የመራውን ሰው ግን አያውቁትም። ታኅሣሥ 22 ቀን 1951 ለዚሁ ሥራ ሲጓዝ አውሮፕላኑ ቴህራን አጠገብ ተከሰከሰና ከባለቤቱ ጋር ሞተ። የኮሌጁ ስምምነት የተፈረመው እሱ ካለፈ በኋላ በ1952 ነው። ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ በኋላ ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ማለት ነው፣ ገባ። ጃንሆይም በሰኔ 1954 ስቲልዋተር ድረስ ሄደው ጎበኙ። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ድረስ አብረውን ሠርተዋል።

ቤኔትን ቅዱስ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። በ1949 እሱ ፕሬዚዳንት በነበረበት ኮሌጅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ተመዘገበች፣ ስሟ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ ነው። የቤት አያያዝ ትምህርት ነበር የምታጠናው። ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል እንዳትቀመጥ ተደርጋ ከበሩ ውጪ ሆና ነበር የምትከታተለው። ፈተና ሲመጣ ከክፍሉ ሁለተኛውን ከፍተኛ ውጤት አገኘች። ከዚያ በኋላ ነጮቹ የክፍል ጓደኞቿ ራሳቸው «ትግባ» ብለው ጠየቁና ገባች። እዚህ ነገር ላይ ልቤ ይነካል። ለእኛ ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት የታሰበው፣ የራሳቸው አገር ልጅ በር ላይ ተቀምጣ በምትማርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም መጻፍ አለበት።

በሩን የከፈተችላት ደግሞ ሌላ ሴት ነች። ኤዳ ሎይስ ሳይፑል በ1946 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት አመለከተች፣ በጥቁርነቷ ተከለከለች። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ተርጉድ ማርሻል ጠበቃዋ ሆኖ ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1948 ረታች። ግዛቱ ግን ለይስሙላ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት አቋቋመላትና ገና በ1949 ነው የገባችው፣ ያውም ኋላ ለብቻዋ እንድትቀመጥ ተደርጋ። በ1992 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ቦርድ አባል ሆና ተሾመች።

በ1958 ጃንሆይ ዓለማያን መረቁ። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን፣ ክላራ ሉፐር የምትባል የታሪክ መምህርት ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ካትዝ የሚባል መድኃኒት ቤት አሥራ ሦስት ልጆች ይዛ ገባች። መድኃኒት ቤቱ ምግብና መጠጥም ይሸጥ ነበር። ትንሿ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ባንኮኒው ላይ ተቀምጠው ኮካ ኮላ አዘዙ፣ ጥቁር ስለሆኑ የሚያስተናግዳቸው ጠፋ። አልተነሱም። ሰው ሰደባቸው፣ አልተነሱም። በማግስቱም ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ድርጅቱ ሕጉን ለወጠ። ይህ የሆነው ዓለም ከሚያወራለት፣ በ1960 ጥቁር ተማሪዎች እንዲሁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው ከተቃወሙበት ከግሪንስቦሮው በፊት ነው፣ የክላራን ስም ግን በአማርኛ ተጽፎ እስከ ዛሬ አላየሁም።

አንድ ሰው ልጨምር፣ ፊደል ለምንወድ ለእኛ ይጠቅማልና። ሴኮያ ይባላል፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቸሮኪ ሕዝብ ነው፣ ሥራው ብር አንጥረኛ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም ነበር። ነጮቹ ወረቀት ላይ ንግግር እንደሚያስቀምጡ አየና ለራሱ ቋንቋ በ1821 ፊደል ሠርቶ ጨረሰ። ምልክቶቹ ሰማንያ አምስት ገደማ ናቸው፣ ከሞላ ጎደል እያንዳንዱም እንደ እኛው «ለ» እና «ሉ» አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» በመልክ ዘመዳሞች ናቸው፣ የእሱ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። የእንግሊዝኛውን ደብልዩ የሚመስለው ምልክት «ላ» ነው የሚነበበው። ሰው ጠንቋይ ነው ብሎ ሲጠረጥረው መጀመሪያ ያስተማራትን ትንሽ ልጁን አቀረበ። እሷን ራቅ አድርገው አቆሟት፣ እሱ የነገሩትን ጻፈ፣ ወረቀቱን ወስደው ሰጧት፣ እሷም ቃል በቃል አነበበችላቸው። በ1828 ቸሮኪዎች በራሳቸው ፊደል ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። እዚሁ ኦክላሆማ ውስጥ ሳሊሶ የምትባል ከተማ አጠገብ የእንጨት ጎጆው አሁንም አለ፣ እንዳይበሰብስ ዙሪያውን የድንጋይ ቤት ሠርተውለታል። ልጆቼን ወስጄ ነበር። ትንሿ ልጄ የፊደል ገበታውን ስታይ «አባዬ፣ ይኼኮ ሀ ሁ ነው!» ብላ ጮኸች።

እና ውድ አዘጋጆች፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከ1968 በፊት ሐረማያ የተማሩ ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ብዙዎቹም ሄደዋል። ያሉትን ፈልጋችሁ አነጋግሯቸው። የመምህራኖቻቸውን ስም፣ የበሉትን፣ የተጣሉበትን ሳይቀር ጠይቋቸው፤ ጥፋቱም ደግነቱም በስሙ ይጻፍ። የአባቴ የአፈር ትምህርት ደብተር እኔ ጋ አለ፣ ጠርዙ በምስጥ ተበልቷል እንጂ ጽሑፉ ይነበባል። ገጹን በሙሉ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ፣ አድራሻውን ብቻ ስጡኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከኦክላሆማ