ባቡሩ ጓሯችን አልገባም

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የባቡር ፎቶ ያየች እህቴ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። «ባቡሩ ጓሯችሁ ገባ እንዴ?» አለች። የምኖረው ለቡ፣ ከጣቢያው ወጣ ብሎ ነው። በፎቶው ላይ ባቡሩ የጎረቤቴን ቆርቆሮ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወጥቼ በእርምጃ ለካሁት፤ ከአጥሩ እስከ ሀዲዱ 140 እርምጃ። ወደ 100 ሜትር ነው።

ፎቶው ውሸት አይደለም። እኔም ሰርግና ምርቃት እያነሳሁ የማድር ሰው ነኝ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ባቡር አነሳለሁ። ባልደረባችሁ ራቅ ካለ ከፍታ ላይ ቆሞ በቴሌፎቶ፣ ማለትም ሩቁን አጉልቶ በሚያሳይ ረዥም ሌንስ፣ እንዳነሳው ገብቶኛል። ከቤቱ 20 ሜትር ላይ ብትቆሙ ባቡሩ 120 ሜትር ይርቃችኋል፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። 900 ሜትር ብታፈገፍጉ ግን ቤቱ 900፣ ባቡሩ 1000 ይሆናል። ልዩነቱ ከዓይን ይጠፋል። ሁለቱን ያጣበቃቸው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። 300 ሚሊሜትሩ ሌንስ ከ50ው ስድስት ጊዜ አጉልቶ ያሳያል፣ በቃ። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹም እንደ አጥር የተደረደሩት ለዚሁ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እወጣለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ከጠጠሩ የሚነሳው ወላፈን ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ሌንሱን የማሳርፈው ሽምብራ በሞላሁት ከረጢት ላይ ነው። (ባለቤቴ ስለ ሽምብራው እስካሁን አልሰማችም።) አንዴ አንድ ጥበቃ «ይሄ ቧንቧ ምንድን ነው?» ብሎ አፋጠጠኝ። እየው ብዬ ሰጠሁት። ዓይኑን ከማስጠጋቱ «መጣ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ። ባቡሩ ገና ኪሎ ሜትር ይቀረው ነበር።

ሙሽሮች «ሀዲዱ ላይ አንሳን» ሲሉኝ ግን እምቢ ነው መልሴ። በረዥም ሌንስ ፊት ለፊት የሚመጣ ባቡር የቆመ ይመስላል። ከላይ ደግሞ በባቡሩ ሽቦ ላይ 25,000 ቮልት አለ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ሥር «ከሩቅ በቴሌፎቶ የተነሳ» ብላችሁ ጻፉልን። እህቴ አሁንም ቤት ቀይሩ እያለች ነው።

አክባሪያችሁ፣
ፎቶ አንሺው ከለቡ