ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? የቀይ መስቀል ክበባችን ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.

ክበባችን የሚታወቀው በመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናና በደም ልገሳ ቅስቀሳ ነው። ዘንድሮም ሁለቱንም ሠርተናል፤ የሠለጠኑት ተማሪዎች በስፖርት ቀን ላይ ያደረጉትን ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ በዚያ ላይ ብዙ አልቆይም። የዓመቱን ጉልበት የወሰደብን ሌላ ሥራ ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ቫኑዋቱ መጠኑ 7.3 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ውስጥ ሕንፃዎች ተደረመሱ፤ 14 ሰዎች ሞቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዜናውን ሰምተን እናልፈው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን እኛም ጋ መሬቱ አላርፍ ብሏል። የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩ ተማሪዎቻችን ሌሊት ታናናሾቻቸውን አዝለው ደረጃ ሲወርዱ ያድሩና ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። በክበቡ ስብሰባ ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እኛ ቢያንስ መንገድ አለን። ደሴት ላይ ያለ ልጅ ወዴት ይሸሻል? ማንስ ይደርስለታል?" አለች።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው ዓመቱ ያለቀው።

ቫኑዋቱ ከ80 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ 300 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት አገር ናት። ከ100 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። ሳይክሎን የሚባለው ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ አለባት፣ እሳተ ገሞራ አለባት፣ መሬቱም ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንድ አደጋ ያዘ።

የአምባኤ ደሴትን አደጋ የያዘው ቡድን ሥራ ብዙዎቻችንን አስደንቋል። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ በደሴቱ ያለው እሳተ ገሞራ ሲያይል፣ 11 ሺህ ያህል ሰው፣ ማለትም የደሴቱ ነዋሪ በሙሉ፣ በጀልባና በመርከብ ወጣ። ያረፉትም በጎረቤት ደሴቶች ነው። ነዋሪዎቹ ከተመለሱ በኋላ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እንደገና እንዲወጡ ታዘዘ። የአምባኤ ሰው የሚጠጣው ከጣሪያ የሚያጠራቅመውን የዝናብ ውኃ ነው፤ አመዱ ውኃውንም ማሳውንም አበላሸው። ጎረቤት ደሴቶች ላይ እንግዶቹን የተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ የመንደር አለቆችና ተራ ቤተሰቦች ናቸው። ልጆቹም እዚያው ትምህርት ቤት ገቡ።

ለጥያቄያችን የተሻለውን መልስ ያገኘነው ግን ከሃሮልድ ነው። ይህ ሳይክሎን መጋቢት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በከፍተኛው፣ በ5ኛ ደረጃ ጉልበቱ ሳንቶ ደሴትን መታ፤ ከዚያ ጴንጤቆስጤ ወደተባለችው ደሴት አለፈ። ወሩን አስታውሱት። ኮሮና ዓለምን የዘጋበት ጊዜ ነው። በወቅቱ ቫኑዋቱ ውስጥ በቫይረሱ የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም ነበር፤ መንግሥትም በሽታው እንዳይገባ ድንበሩን ዘግቷል። ከ5 ዓመት በፊት ፓም የተባለው ሳይክሎን አገሪቱን ሲመታ ከውጭ ብዙ ባለሙያ ጎርፎ ነበር። አሁን መግባት አልተቻለም። የእርዳታ ዕቃ እንኳ የሚገባው ተረጭቶና ለቀናት ተለይቶ ቆይቶ ነው።

ሥራውን የአገሬው ሰው ያዘው። የብሔራዊ አደጋ መሥሪያ ቤቱ መራ። የቫኑዋቱ ቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ አብያተ ክርስቲያናትና በየመንደሩ የተቋቋሙ የአደጋና የአየር ንብረት ኮሚቴዎች ወደ ሰው ደረሱ። ዩኒሴፍን የመሰሉ ትልልቅ ድርጅቶችም ከእነዚህ ጋር ተያይዘው ሠሩ። እኔ በግሌ ነገሩ እንዲህ መሆን ያለበት ድንበር ሲዘጋ ብቻ አይመስለኝም። በተለይ ለልጆች። የትኛው ልጅ ከአያቱ ጋር ብቻ እንደሚኖር፣ የትኛዋ ልጅ መስማት እንደማትችል፣ "አጎቱ ነኝ" ብሎ ልጅ ሊወስድ የመጣው ሰው እውነት አጎት መሆኑን የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን በአንድ ሳምንት አያውቅም። ከ100 በላይ ቋንቋ ባለበት አገር ደግሞ የሚያለቅስ ሕፃን ምን እንደሚል እንኳ ላይገባው ይችላል።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ትምህርት ቤት ጠንካራ ሕንፃ ስለሆነ ሳይክሎን ሲመጣ መጠለያ ይሆናል። መጠለያ ሲሆን ትምህርት ይቆማል። ለዚህ ነው ዩኒሴፍ በአንድ ሣጥን የሚገባ የትምህርት ቤት ዕቃ የሚያዘጋጀው። ለ1 መምህርና ለ40 ተማሪ ይሆናል፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ መቀስ፣ የእንጨት ሰዓት፣ የመቁጠሪያ ኩቦች አሉት። የሣጥኑ ክዳን ልዩ ቀለም ስለተቀባ ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ ያገለግላል። የ9ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሲያነቡ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከትምህርት ቤታችን አናጢ ጋር ሆነው ከኮምፔንሳቶ አንድ ሣጥን ሠሩ። ክዳኑን የሰሌዳ ቀለም ሁለት እጅ ቀቡት። ሰዓቱን ከካርቶን ቆርጠው በሚስማር ቆጣሪዎቹን አያያዙ። የማባዣ ሰንጠረዡን በእጃቸው ጽፈው ላሚኔት አስደረጉት።

በመሐል የወጣች አንዲት ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በአንዳንድ የቫኑዋቱ ደሴቶች ሰው የዳቦ ፍሬ የሚባለውን ምግብ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ጠቅልሎ ቀብሮ ያብላላዋል፤ ለክፉ ቀን ይሆናል። አያቶቹ ወልቂጤ አካባቢ ያሉ አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ "ይሄ እኮ ቆጮ ነው!" ብሎ ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቫኑዋቱ ለልጆቹ ሩቅ አገር አልሆነችም።

በጥር ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ለተፈናቀሉ ልጆች አንድ ነገር እናድርግ ተባለ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት መጠየቅ ነው። ምን እንደሚያስፈልግ በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ በኩል አስጠየቅን። የመጣው መልስ ደብተር፣ ሳሙና፣ ጄሪካንና ለልጃገረዶች የንጽሕና መጠበቂያ የሚል ነበር። የሰበሰብነውም እነዚህን ብቻ ነው። ሣጥኑንም ጨምረን አስረከብን። ወላጆች፣ እጃችሁ አይንጠፍ፤ በጣም እናመሰግናለን።

ከዚያ ጥያቄው ወደ ራሳችን ሰፈር ዞረ። እዚህ አንድ ነገር ቢደርስ ለልጆች ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? የእሳትና አደጋን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ልጆቹ በቃላቸው ይዘዋል። ግን መኪናው እስኪደርስስ? መልሱን ፍለጋ የሰፈሩ እድር ቤት ሄድን። የእድሩ ዳኛ ትልቅ መዝገብ አወጡ፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። በእያንዳንዱ አባል ስም ሥር የባለቤቱና የልጆቹ ስም አለ። ዳኛው ገጹን እየገለጡ "እኚህ አልጋ ላይ ናቸው፣ ይቺ ቤት ሁለት መንትያ አለ፣ እዚህ እናትየው ማታ ማታ ሥራ ናት" ይላሉ። ይህ በመዝገቡ አልተጻፈም፤ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። አንድ ተማሪ "ጋሼ፣ ልጆቹን ማን ይሰበስባል?" ሲል ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና "ልጄ፣ ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ድስቱ አለ። ልጅ የሚይዝ ሰው ግን አልመደብንም" አሉ።

በሚያዝያው የእድር ስብሰባ ላይ ሦስት ተማሪዎች ቆመው ስለ ሃሮልድ ተናገሩ። አጭር ነበር፤ አንድ ልጅ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እድሩም በየመንደሩ ልጆችን የሚሰበስቡ ሁለት ሁለት እናቶች መረጠ። የተመረጡት እናቶች ግንቦት ላይ እኛው ግቢ መጥተው ከክበባችን አባላት ጋር የመጀመሪያ እርዳታ ሠለጠኑ። የትምህርት ቤቱ አስተዳደርም በአደጋ ጊዜ ሜዳችን የሰፈሩ ልጆች መሰብሰቢያ እንዲሆን ፈቅዷል።

ገና ብዙ ይቀራል። የማታ ጥበቃዎቻችን የበሩን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጡ አልተወሰነም። እድር ያልገቡ ተከራዮች ልጆች መዝገቡ ላይ የሉም፤ ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሥራችን እነሱን ቤት ለቤት ሄዶ መመዝገብ ነው። በዚህ ሥራ መሳተፍ የምትፈልጉ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍል አለቆቻችሁ ስማችሁን ስጡ። በተለይ በተከራይ ቤት የምትኖሩ ልጆች እንድትመጡ እፈልጋለሁ፤ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።