ኩባያዋን ከሚስማሩ ያወረድሽበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ጋቢ ልኬልሻለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ሌላ ሰው እንዳያነብልሽ ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ስለ ወንድምሽ፣ ስለ ጋሼ ነው።

የትምህርት ቤታችንን የድራማ ክበብ የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ለኅዳር 22፣ ለዓለም ኤድስ ቀን፣ አጭር ቴአትር እያዘጋጀን ነው። መጀመሪያ ቀን ልጆቹን ስለ ኤችአይቪ ምን ታውቃላችሁ ስላቸው፣ አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እሱ ድሮ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ደነገጥኩ። በእነሱ ዕድሜ እኛ ከለቅሶ ቤት የምንውልበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የፀረ ኤድስ ክበብ ልጆች ግጥም ያነባሉ። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ስለሱ ያወራል። አሁን መድኃኒት አለ ተብሎ ሁሉም ዝም ብሏል፤ ቫይረሱ ግን ዛሬም ሰው እየያዘ ነው።

ያኔ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የነበረው ሥዕል ትዝ ይልሻል? አጽም ሆኖ የተሣለው ሰው። በዚያ ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። የሣለው ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን ጋሼ ታሞ እኛ ቤት ሲመጣ ሁላችንም ያየነው ያንን አጽም ነው። ሰማያዊዋን የቆርቆሮ ኩባያ ለብቻዋ ኩሽና በር ላይ፣ ሚስማር ላይ ሰቀልሻት። «ይህችን እንዳትነኩ» አልሽን። ለምን እንደሆነ አልነገርሽንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጋሼ ግን ገብቶታል። ውሃ ሲጠማው ራሱ ተነስቶ ያወርዳታል፤ ጠጥቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ይሰቅላታል።

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ልጆቹ እንዲፈሩ አጽም የለበሰ ተዋናይ እናስገባ» ሲል እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ «የቀን ቅኝት» መጣ። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ 257 ክፍል የተላለፈው፣ ስለ ኤችአይቪም የሚያወራው ድራማ። የሬዲዮኑ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ። ቡናውን ለሰዓቱ ታደርሻለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ነው። ጋሼም ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ያዳምጣል። ድራማው ውስጥ ስላለችው ፍቅርተ ስታወሩ የሰፈራችን ልጅ ነበር የምትመስለኝ።

አሁን ለሥራዬ ሳነብ ነው አሠራሩ የገባኝ። ዘዴውን የቀመረው ሚጌል ሳቢዶ የሚባል ሜክሲኳዊ ነው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአገሩ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲሠራ። ጥሩ ሰው አለ፣ መጥፎ ሰው አለ፣ መሃል ላይ የሚዋልል ሰው አለ። አድማጩ ልቡ የሚሄደው ከዚህ ከሚዋልለው ጋር ነው። ይሳሳታል፣ ይጸጸታል፣ ቀስ እያለ ይለወጣል። ማንም ማንንም አይሰብክም። ድራማውን ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ ደርሶታል። በኋላ ሲጠና ደግሞ ድራማውን የሚከታተሉ ወንዶች ከማይከታተሉት አራት እጥፍ፣ ሴቶቹ ሦስት እጥፍ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገው ተገኙ። ይህን ሳነብ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ደብዳቤ አልጻፍሽም። ማንም መጥቶ አልጠየቀሽም።

አንድ ቀን ድራማው አልቆ ጎረቤቶች ወጡ። ተነሳሽና ኩባያዋን ከሚስማሩ አወረድሻት። ከሌሎቹ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አጠብሻት። ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳሽ፣ ጠጣሽባት፣ የቀረውን ለጋሼ ሰጠሽው። እሱ ኩባያዋን ይዞ ሳይጠጣ ብዙ ቆየ። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ እያየሁ ነበር። ማየቴን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ሚስማሩን ማን እንደነቀለውም አላውቅም።

ጋሼ ያረፈው በ1997 ነጻው መድኃኒት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀረው ነው። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ዕድሜውን ይኖራል፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግንኙነትም አያስተላልፍም። ለቅሶው ላይ «ሳንባ ነው» አልሽ። አልፈርድብሽም እማዬ። ልጆቼን ማን ያገባቸዋል ብለሽ ነው።

አሁን ያችን ኩባያ ቴአትሩ ውስጥ ማስገባት እፈልጋለሁ። ስም አልጠራም፤ ደሴም አልልም። እናትየዋ ኩባያዋን ስትሰቅል ቴአትሩን እናቆመዋለን። ከተመልካቹ አንድ ሰው ወጥቶ በእሷ ቦታ እንዲቆምና እሱ ቢሆን የሚያደርገውን እንዲያሳየን እንጠይቃለን። ልምምድ ላይ ሞከርነው። «ድሮ አልነበረም እንዴ» ያለችው ልጅ ወጣች። ሚስማሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ማውረድ አቃታት። «ቲቸር፣ በኩባያ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ግን እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ያን ቀን አንቺ ያደረግሽው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ገባኝ።

ታሪኩ ግን ያንቺና የእሱ ነው። ካልፈለግሽ ንገሪኝ። ሌላ እጽፋለሁ፤ አልከፋብሽም። ከፈቀድሽ ኩባያዋን ላኪልኝ። ከቁም ሳጥኑ በላይ ካለው ካርቶን ውስጥ እንዳለች ባለፈው ፋሲካ አይቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። በጨርቅ ጠቅልለሽ ስጪው። ምንድን ነው ካለሽ፣ የወንድሜ ኩባያ ናት በይው።

ልጅሽ