ሸሚዝ ስትገዙ ትከሻውን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽን ላይ ከተቀመጥኩ 26 ዓመት ሆነኝ። ጋዜጣችሁን ከጎኔ ካለው ሻይ ቤት ጋር እየተቀባበልን እናነባለን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ወንድ ሸሚዝ ነው። በተለይ ሳይለካ ስለሚገዛ ሸሚዝ።

ባለፈው ጥር፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሙሽራ ሦስት ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ። ሰርጉ እሁድ ነው። በፌስታል አራት ነጭ ሸሚዝ ይዘዋል። «ጋሼ፣ ትንሽ አጥብብልን» አሉኝ። ልበሱት አልኳቸው። አንደኛው ሚዜ ቀጭን ልጅ ነው። የትከሻው ስፌት ክንዱ ላይ ወርዶ ተኛ። ጣቴን አስደግፌ ለካሁት፤ አራት ጣት ሙሉ። ሱቁ ውስጥ ለምን አልለካችሁም ስላቸው፣ ባለሱቁ «ማሸጊያው ከተፈታ ማን ይገዛኛል» ብሎ ከልክሏቸዋል። ወስደው ሲመልሱለት ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አላቸው።

ሸሚዝ ላይ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ጎን ይጠባል። እጅጌ ያጥራል። ርዝመቱም ይቆረጣል። ትከሻ ግን እንደዚያ አይደለም። እጅጌው ከነሥሩ ይፈታል፤ ብብቱ እንደ አዲስ ይቆረጣል፤ ከዚያ እጅጌው ተመልሶ ሲገባ እንዳይሸበሸብ ሌላ ጭንቅ ነው። አዲስ መስፋት ይቀላል። ለዚያ ቀጭን ልጅ ያደረግኩትም እሱኑ ነው። ቤት ከነበረኝ ነጭ ጥጥ ቆርጬ ቅዳሜ ሌሊት ሰፋሁለት። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካውያው ሳይበርድ መጥቶ ወሰደው። ለሁለት ሸሚዝ ከፈለ ማለት ነው። ያንን ገንዘብ ስቀበል ደስ አላለኝም።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ትከሻውን እዩ። ስፌቱ የትከሻ አጥንታችሁ የሚያልቅበት ላይ ይረፍ። ወደ አንገት ከገባ ይወጥራችኋል፤ ክንድ ላይ ከወረደ የታላቅ ወንድም ልብስ ይመስላል። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ቆልፉ። በኮሌታውና በአንገታችሁ መሀል ሁለት ጣት ከገባ ልካችሁ ነው። እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ። ሸሚዙ ከሱሪው ተመዞ ከወጣ አጭር ነው።

ላርጅ፣ ሚዲየም የሚለውን ብዙ አትመኑ። የአንዱ ፋብሪካ ላርጅ ለሌላው ሚዲየም ነው። አንዳንድ ሸሚዝ ኮሌታው ውስጥ 39፣ 40፣ 41 የሚል ቁጥር አለው። ያ የአንገት ዙሪያ ነው፤ በሴንቲ ሜትር። 15 ተኩል ወይም 16 የሚል ካያችሁ ደግሞ በኢንች ነው። አንገታችሁን አንዴ አስለኩና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት። እኔ ጋ ብትመጡ በነጻ እለካችኋለሁ።

አሁን ወደ ጨርቁ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ፣ እዚህ እያደሩ እዚያ የሚሠሩ ደንበኞች አሉኝ። ጠዋት ደሴ ብርድ ነው። ሐረጎን ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐይ ነው። ባቲ የሚወርድማ የበለጠ ይሞቀዋል። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ማታ ላይ ይሸታል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጥጥ እላለሁ፤ ለጠዋቱ ብርድ ከላይ ሹራብ ይደረባል። የካውያ ጊዜ የሌለው ደግሞ የጥጥና የፖሊስተር ድብልቁን ይግዛ። ቶሎ አይጨማደድም።

ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ካለ እንዴት ይታወቃል? ከውስጥ በኩል፣ ከጨርቁ ጠርዝ፣ አንዲት ክር ምዘዙ። የተሰፋበትን ክር እንዳትመዙ፤ እሱ ጨርቁ ጥጥ ቢሆንም ፖሊስተር ሊሆን ይችላል። ክሯን በሚስማር መቆንጠጫ ወይም በወረንጦ ያዙና ክብሪት አስጠጓት። ጥጥ ከሆነች ቦግ ብላ ትነድዳለች፤ የተቃጠለ ወረቀት ትሸታለች፤ አመዷን ስትነኩት ብን ይላል። ፖሊስተር ከሆነች ትኮማተርና ትቀልጣለች። ስትበርድ ጫፏ ላይ እንደ ዶቃ የጠነከረች ጥቁር ነገር ትቀራለች። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ። ይህን ቤታችሁ አድርጉት፤ ሱቅ ውስጥ ክብሪት አይጫርም።

ጥጥ ሲታጠብ ይገባል። እኔ ጨርቁን ሳልቆርጠው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። እናንተም ጥጥ ስትገዙ ልክክ ያለውን አትውሰዱ፤ ትንሽ ይረፋችሁ። ባለመስመር ሸሚዝ ከሆነ የደረት ኪሱን እዩት። የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር ከገጠመ የሰፋው ሰው ተጠንቅቋል ማለት ነው።

አሁን ለባለሱቆች አንድ ቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ መርጦ የመግዛት መብት ሰጥቶታል። ጥራቱን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። እኔ የምለምነው ከዚያም ያነሰ ነው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ሸሚዝ ማሸጊያውን ፈታችሁ ለመለኪያ አስቀምጡ። ግድግዳ ላይ መስታወት ስቀሉ። ጥግ ላይ መጋረጃ ጋርዱ። የመጋረጃው ጨርቅ ከናንተ ከሆነ ስፌቱ ከኔ ነው፤ ሳንቲም አልቀበልም። ሰኞ ገበያ መጥታችሁ መለኪያ መጋረጃ የሚሰፋው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻይ ቤቱ ያሳያችኋል።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ